ፊት ያየ ሁሉ ልብ ያነባል?

ተረቱ እንዲህ ይላል፦ ሰው በቋንቋ ቢለያይም በፊት አይለያይም፤ የደስታ፣ የሐዘን፣ የቁጣና የፍርሃት ፊት የትም አገር አንድ ስለሆነ አስተርጓሚ አይሻም። እምነቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1872 ባሳተመው መጽሐፍ ዋና ዋናዎቹ የፊት ገጽታዎች የሰው ልጆች የጋራ ውርስ ናቸው ሲል ተከራክሯል። ከመቶ ዓመት ግድም በኋላ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ኤክማን ከውጭው ዓለም ጋር እምብዛም ወዳልተገናኙት የፓፑዋ ኒው ጊኒ ደገኞች፣ ወደ ፎሬዎች ሄደ። አጭር ታሪክ ይነገራቸዋል፤ ለምሳሌ ልጁ ስለሞተበት ሰው። ከዚያ ከቀረቡላቸው ጥቂት ፎቶግራፎች የዚያን ሰው ፊት ይመርጣሉ። አብዛኞቹ የመረጡት አሜሪካውያን የሚመርጡትን ነበር። ጉዳዩ በዚሁ የተዘጋ መሰለ።

መልስ ግን እንደ አጠያየቁ ነው። ታሪኩም ፎቶውም ተመጥኖ የቀረበለት ሰው የማይመስለውን እየጣለም ቢሆን ይደርስበታል። እንዲያም ሆኖ ፎሬዎቹ የፍርሃትን ፊት ከመደነቅ ፊት መለየት ተስኗቸዋል፤ የጥናቱ ዝና ሲወራ ይህ ብዙም አይነሣም። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ሌላ ጥናት የናሚቢያ ሂምባዎች ምንም አማራጭ ሳይቀርብላቸው ፎቶዎቹን በስሜት እየለዩ እንዲከምሩ ተጠየቁ። የሚስቁትን ፊቶች ባንድ ሰበሰቡ፤ የቁጣ፣ የሐዘንና የመጸየፍ የሚባሉት ግን ተደበላለቁባቸው። ስም ሲያወጡም «ደስ ብሎታል» ከማለት «ይስቃል»፣ «ፈርቷል» ከማለት «ያያል» ማለት ይቀናቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ምዕራባውያን የፍርሃት የሚሉት፣ ዐይኑ የፈጠጠና አፉ የተከፈተ ፊት፣ በትሮብሪያንድ ደሴቶች የሚያስፈራራ ሰው ፊት ተብሎ ተነበበ። ፈሪው አስፈራሪ ሆኖ አረፈው። ፎቶግራፍ ያልለመደ ሰው ቢሳሳት ምን ይደንቃል የሚል ይኖራል። ሙግቱ ግን ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ ነው፤ የፎሬዎቹም ማስረጃ የተገኘው ከዚያው ከፎቶግራፍ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «የጋራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ባህል የሠራው ነው» ማለት ደግሞ ሌላ ተረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ የኦሊምፒክና የፓራሊምፒክ ጁዶ ውድድሮች የተነሡ ፎቶግራፎች ሲመረመሩ፣ ከተወለዱ ጀምሮ ዐይነ ስውር የሆኑት ተወዳዳሪዎች ሲያሸንፉም ሲሸነፉም ፊታቸው ላይ የሚንቀሳቀሱት ጡንቻዎች ከሚያዩት ተወዳዳሪዎች ጋር አንድ ሆነው ተገኙ። ከማንም አይተው አልቀዱትም። እንግዲህ የጋራው እንቅስቃሴው ነው፤ የምንለያየው እንቅስቃሴውን አይተን ከኋላው ያለውን ስንገምት ነው። አማርኛ «ጥርስ ባዳ ነው» ሲል ይህን ክፍተት ያውቀዋል፤ የሚስቅ ፊት ሁሉ የተደሰተ ልብ አይደለም። በአቴንስ የመጨረሻውን ግጥሚያ ተሸንፈው ብር ከወሰዱት አብዛኞቹም በሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ላይ ዐይን ያልተሳተፈበት የይሉኝታ ፈገግታ አሳይተዋል። ከነሱ መካከል የሰው ፊት አይተው የማያውቁ ነበሩበት።