ከቅጽሩ ውጭ ያለ ሐኪም

እስረኛ ከነጻው ሰው የሚለየው በር ከፍቶ መውጣት ባለመቻሉ ብቻ ይመስለናል፤ ደዌ የጸናበት ቀን ግን ልዩነቱ ከዚያ እጅግ የሰፋ ሆኖ ይገኛል። ነጻው ሰው አንዱ ሐኪም ባያድነው ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ገንዘብ ቢያጥረው ከዘመድ ይበደራል፣ ጠበል ቢሻ ጠበል ይጠመቃል፤ እስረኛው ግን የሚያየውን ሐኪም፣ የሚታይበትን ቀን፣ የሚውጠውንም ክኒን የሚመርጥለት ያሰረው መንግሥት ነው። በአገራችን በየወህኒ ቤቱ ደጃፍ ስንቅ ይዞ የሚሰለፈው ቤተ ዘመድ ከዚህ ሸክም ጥቂቱን ያቃልል ይሆናል፤ ከዓለም አገሮች እጅግ ብዙ ሰው ከሚያስሩት አንዷ በሆነችው በአሜሪካ ግን እናት ለልጇ መድኃኒት ቋጥራ ማስገባት ስለማትችል፣ ሸክሙ በሞላው በመንግሥት ጫንቃ ላይ ይወድቃል። መንግሥትም ብቻውን አይሸከመውም፤ ጨረታ ያወጣል፣ ውል ይፈርማል፣ ከፍሎ ያሸክማል። እኛም እዚህ ላይ የምንመለከተው ይህንኑ ውል ነው (የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

በወህኒ ቤት ክሊኒክ ውስጥ ነርስና ጠቅላላ ሐኪም ይገኛሉ፤ የደም ግፊቱም፣ የስኳር በሽታውም ክትትል በዚያው ይፈጸማል። የልብ፣ የካንሰር ወይም የአጥንት ስፔሻሊስት ግን ከከተማ ርቆ በተሠራ እስር ቤት ተቀጥሮ አይቀመጥም፤ ልቅጠረው ቢሉ እንኳ ሳምንቱን ሙሉ የሚሠራው ሥራ አይገኝለትም። ስለዚህ ወይ ሐኪሙ በተወሰነ ቀን ወደ ወህኒው ይመጣል፣ ወይ እስረኛው እጁና ወገቡ በሰንሰለት ታስሮ፣ በዘብ ታጅቦ ወደ ሐኪሙ ይወሰዳል። ለሁለቱም ውል ያስፈልጋል።

ወንጌል ሕሙምን መጠየቅና እሱርን መጎብኘት ጎን ለጎን አድርጎ ማዘዙን የማያውቅ አማኝ የለም፤ በአሜሪካ ግን ይህ ነገር ከምጽዋት ወደ ሕግ የተሻገረው በ1976 ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት አስቀድሞ በቴክሳስ ወህኒ ቤት ከጭነት መኪና ጥጥ ያወርድ በነበረ አንድ እስረኛ ላይ ክብደቱ 600 ፓውንድ፣ ማለት ከ270 ኪሎ በላይ የሆነ የጥጥ ጥቅል ወደቀበት፤ ጀርባውን ታመመ፣ በሦስት ወር ውስጥም 17 ጊዜ ለሕክምና ቀረበ፣ አልሠራም ብሎም ተቀጣ። በእጁ ጽፎ ያቀረበው አቤቱታ እየተንከባለለ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና፣ ዳኛ ቱርጉድ ማርሻል በጻፉት ፍርድ፣ የእስረኛን ጽኑ ሕመም ሆን ብሎ ችላ ማለት በሕገ መንግሥቱ ስምንተኛ ማሻሻያ የተከለከለው ጨካኝ ቅጣት ነው ተባለ። የሚያሳዝነው፣ ራጅ አለማንሣት የሐኪም አስተያየት እንጂ ጭካኔ አይደለም ተብሎ ባለጉዳዩ ራሱ ሐኪሞቹን መርታት አለመቻሉ ነው፤ ለሌሎች በሩን ከፍቶ እርሱ ከደጅ ቀረ።

ፍርዱ ግን ስለ መንግሥት እንጂ ስለ ተዋዋዩ ሐኪም የተናገረው አልነበረም፤ ይህም ክፍተት ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ1983 በጋ በኖርዝ ካሮላይና አንድ እስረኛ መረብ ኳስ ሲጫወት የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። ከ100 ማይል በላይ ተጉዞ በራሌይ ከተማ ወደሚገኘው የወህኒ ሆስፒታል ተወሰደ፤ በዚያም በሳምንት ሁለት ጊዜ እስረኞችን ለማየት በዓመት 52,000 ዶላር ገደማ የተዋዋለ የግል አጥንት ሐኪም ተመለከተውና እግሩን በጀሶ ደጋግሞ አሰረለት። እስረኛው እንደ ከሰሰው ከሆነ፣ ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው አምኖ ሳለ ቀን ሊቆርጥለት አልፈቀደም፣ ቁርጭምጭሚቱ እንዳበጠና እንዳመመውም አሰናበተው። ነጻ ሰው ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ወደ ሌላ ሐኪም በሄደ ነበር።

የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች ሐኪሙ በሙያው የሚሠራ ሰው እንጂ የመንግሥት ክንድ አይደለምና ሕገ መንግሥቱን ጥሰሃል ተብሎ አይከሰስም አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 ይህን ሻረው። ዳኛ ሃሪ ብላክመን እንዳስረዱት፣ ቁም ነገሩ ሐኪሙ ደመወዝተኛ ነው ወይስ ተዋዋይ የሚለው ሳይሆን የሚሠራው ሥራ ነው፤ መንግሥት ሰውየውን አስሮ ሌላ ሐኪም እንዳይፈልግ ከከለከለው በኋላ ሕክምናውን በውል ለሌላ ቢሰጥ፣ ውሉ የመንግሥትን ግዴታ አያወርድለትም፣ የእስረኛውንም መብት አያሳጣውም። በእኔ አስተያየት ስለ ወህኒ ሕክምና ከተሰጡት ፍርዶች ሁሉ ለጨረታ ኮሚቴ አባል በመጀመሪያ ሊነበብለት የሚገባው ይህ ነው፤ ብዙ ባለሥልጣን ውል ሲፈርም ኃላፊነቱን አብሮ ያስረከበ ይመስለዋልና።

ውሉ በዋጋ ረገድ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ፌዴራሉ የእስር ቤቶች ቢሮ እንሂድ። ቢሮው እስረኞቹን እንደ ሕመማቸው ክብደት ከ1 እስከ 4 በደረጃ ይመድባል፤ አራተኛ ደረጃ የደረሱት እንደ ሚዙሪው ስፕሪንግፊልድ (በ1933 የተከፈተ ነው)፣ እንደ ሚኔሶታው ሮቸስተር፣ እንደ ኖርዝ ካሮላይናው በትነር፣ ለሴቶችም እንደ ቴክሳሱ ካርስዌል ወዳሉት ራሳቸው ሆስፒታል ወደሆኑት እስር ቤቶች ይሄዳሉ። ሌሎቹ በየአካባቢያቸው በሚገኝ ሆስፒታል ይታያሉ፤ ለዚህም እስር ቤቱ የሆስፒታልንና የስፔሻሊስቶችን አገልግሎት አንድ ላይ አጠቃሎ ከሚያቀርብ ድርጅት ጋራ ይዋዋላል። የዋጋው መለኪያ ለአረጋውያን የተቋቋመው የመንግሥት መድን፣ ሜዲኬር፣ ለየሕክምናው የሚከፍለው ነው፤ ተጫራቹ ከዚያ ዋጋ በዚህን ያህል መቶኛ ከፍ አድርጌ ወይም ዝቅ አድርጌ እሠራለሁ ብሎ ያቀርባል። ዝቅ የሚያደርግ ግን ከወዴት ይገኛል! የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር በ2016 ባወጣው ምርመራ፣ ቢሮው ለውጭ ሕክምና የሚያወጣው ገንዘብ በ2010 ከነበረበት 263 ሚሊዮን ዶላር በ2014 ወደ 327 ሚሊዮን ማደጉን፣ የሚከፍለውም ዋጋ ከሜዲኬር በላይ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱን መረዳት አይከብድም፤ ወህኒ ቤቱ ገጠር ነው፣ ሆስፒታሉ አንድ ነው፣ በመጠባበቂያው ክፍል ሰንሰለት ያጠለቀ ሰው መቀመጡን የሚወድ ሐኪም ጥቂት ነው፤ ሌሎች የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚገለገሉበት ዋጋ የሚወስን ሕግም ለዚህ ቢሮ አልወጣለትም ነበር።

በዚህ ላይ የጉዞው ወጪ አለ። ለደኅንነት ሲባል እስረኛው የቀጠሮውን ቀን አስቀድሞ አይነገረውም፤ በማለዳ ይጠራል፣ ይፈተሻል፣ ይታሰራል፣ ዘቦች ግራና ቀኝ ይዘውት ይሄዳሉ። ሆስፒታል ተኝቶ ካደረም ዘቡ በየፈረቃው ከአልጋው አጠገብ አይለይም፣ የትርፍ ሰዓትም ይከፈለዋል። ዘብ የጎደለ ዕለት ደግሞ ቀጠሮው ይሰረዛል፤ ስፔሻሊስቱ ዘንድ ሌላ ቀጠሮ እስኪገኝ ሳምንታት ያልፋሉ፤ በውሉ ላይ የተጻፈው የሕክምና ዋጋ ስለዚህ ሁሉ አንዳች አይናገርም።

ክፍለ ግዛቶች ብዙዎቹ የመረጡት ሌላ መንገድ ነው። በአንድ እስረኛ በቀን ይህን ያህል ብለው ቁርጥ ዋጋ ይሰጡና፣ ነርሱንም፣ መድኃኒቱንም፣ ስፔሻሊስቱንም አንድ የግል ኩባንያ ይሸፍናል። በጀት ለሚያዘጋጅ ሰው ይህ እጅግ የተመቸ ነው። ነገር ግን ቀለብ በቁርጥ የተቀበለ ቀላቢ ተቀላቢው ባልበላ ቁጥር እንደሚያተርፍ፣ ኩባንያውም ሪፈር ባልጻፈ ቁጥር ገንዘቡ በእጁ ይቀራል። ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ ወረቀቱ በጠረጴዛ ላይ ጥቂት ቢቆይለት ይበቃዋል።

አሪዞና ይህን በገዛ ራሷ ላይ አየችው። በ2012 የእስረኞቿን ሕክምና ለኩባንያ ሰጠች፤ በዚያው ዓመት እስረኞቹ በአንድነት ከሰሱ። ኩባንያው ዓመት ሳይሞላው ተለወጠና ኮራይዘን የሚባለው ገባ። በ2014 ተከራካሪዎቹ ታርቀው፣ ከመቶ የሚበልጡ የሥራ መለኪያዎች ተጻፉ፤ ከነዚህም ውስጥ ለስፔሻሊስት የተላከ ሕመምተኛ በስንት ቀን ውስጥ መታየት እንዳለበት የሚወስኑ ነበሩ። መለኪያዎቹ አልተፈጸሙም። በ2018 ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዱ ጥፋት 1,000 ዶላር፣ በድምሩ ከ1.4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቀጣ፤ የተቀጣው ግን ኩባንያው ሳይሆን የክፍለ ግዛቷ የእስር ቤት መሥሪያ ቤት ነበር። በ2019 ሦስተኛ ኩባንያ ተተካ። በ2022 ዳኛ ሮዝሊን ሲልቨር ሙሉ ክርክር ሰምተው ሕክምናው ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ መሆኑን ፈረዱ፤ በዚያው ዓመት አራተኛ ኩባንያ ገባ። ስሙ ይለወጥ እንጂ ነርሶቹ ብዙ ጊዜ እነዚያው ናቸው፣ የእስረኛውም ፋይል ያው ነው።

ቴክሳስ፣ ያ የጥጥ ጥቅል የወደቀባት፣ ከትርፍ ድርጅት ይልቅ ከሕክምና ትምህርት ቤት ጋራ መዋዋልን መረጠች። በጋልቨስተን ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማእከል ቅጽር ውስጥ በ1983 የእስረኞች ሆስፒታል ተከፈተ፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮም የአብዛኞቹን እስረኞች ሕክምና ይኸው ማእከል ይሠራል፣ ሩቅ ያለውን በሽተኛም ስፔሻሊስቱ በቴሌቪዥን መስኮት ያየዋል። ከበጀት ጭቅጭቅ አላመለጠም፤ ሆኖም ተማሪ የሚያስተምርበት ሐኪም ብርቱ በሽተኛ ሲመጣለት ለመሸሽ ብዙ ምክንያት የለውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የሉዊዚያና ውል ነው። ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት በሽታ በእስረኞች ዘንድ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ እጅግ የበዛ ነው፤ በ2013 መጨረሻ የተፈቀደው ሶፎስቡቪር የተባለው ፈዋሽ ክኒን ግን ለ12 ሳምንት 84,000 ዶላር ይጠየቅበት ነበርና፣ ወህኒ ቤቶች በሽተኛን መፈለግ ፈሩ፤ ያልተመረመረ ሰው አይታከምምና። ሉዊዚያና በ2019 ጊሊያድ ከተባለው መድኃኒት ሠሪ ቅርንጫፍ ጋራ ለአምስት ዓመት ተዋዋለች። በዓመት የሚከፈለው ገንዘብ ጣሪያ ተበጀለትና፣ ከዚያ በኋላ ለድሆችና ለእስረኞች የሚያስፈልገው መድኃኒት ምንም ያህል ቢሆን ያለ ተጨማሪ ዋጋ እንዲቀርብ ተስማሙ። ጣሪያው ከተነካ በኋላ አንድ ተጨማሪ እስረኛ መርምሮ ማዳን ለመድኃኒቱ ሳንቲም የማያስጨምር ስለሆነ፣ በሽተኛውን ባለመፈለግ የሚቆጠብ ገንዘብ ከውሉ ውስጥ ጠፋ። እንዲህ ያለው ስልት ለክኒን ይሠራል፤ አንዱን ፍሬ ክኒን ለመጨመር ሠሪውን የሚያስወጣው ጥቂት ነውና። የቀዶ ሐኪም ሰዓት ግን እንዲሁ ስለማይበዛ፣ በዚያ ረገድ ብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች አሁንም የሚያጫርቱት በቀን በአንድ እስረኛ በሚሰላው ዋጋ ነው።