የግልግል ዳኝነት ጉዞና የአየር መበከል

አንድ የአዲስ አበባ ቡና ላኪና አንድ የሐምቡርግ ገዢ በጭነቱ ደረጃ ላይ ሳይስማሙ ቀርተው፥ ክርክሩ በውላቸው መሠረት ለሦስት የግልግል ዳኞች ቀረበ እንበል። አንዱ ዳኛ ከለንደን፥ ሁለተኛው ከፓሪስ፥ ሦስተኛው ከናይሮቢ ይመጣል። ጠበቆቹ፥ ምስክሮቹና አስተርጓሚዎቹም ለጥቂት ቀን ችሎት በአይሮፕላን ይሰበሰባሉ። የሰነዱም ጥራዝ ለእያንዳንዱ ዳኛ እየታተመ ባሕር ተሻግሮ ይላካል። ወጪውን የሚችሉት ባለጉዳዮቹ ናቸው፤ ከአይሮፕላኑ የሚወጣውን ጢስ ግን ለረጅም ጊዜ በሒሳብ ያስገባው አልነበረም።

ነገሩን በይፋ ያነሡት ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኛ የሆኑት ሉሲ ግሪንዉድ ናቸው። እርሳቸው በአውሮጳ አቆጣጠር በ2019 በጀመሩት ዘመቻ የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፥ መጠኑ መካከለኛ የሆነ አንድ ዓለም አቀፍ ክርክር የሚያስከትለውን ብክለት ለማካካስ ወደ 20,000 የሚጠጋ ዛፍ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚበልጠው ድርሻ የአየር ጉዞ ነው፤ ወረቀቱ ከዚያ እጅግ ያንሳል።

እንግዲህ ጉዞ ሳይበዛ ዳኝነት ይሰጣልን? የዳኝነቱ ሕጋዊ መቀመጫና ችሎቱ የሚውልበት ስፍራ አንድ መሆን እንደሌለባቸው ብዙ ነጋዴ አይገነዘብም። መቀመጫው ፓሪስ ነው ማለት የፈረንሳይ ሕግ ይገዛዋል ማለት እንጂ፥ ሁሉም ወደ ፓሪስ ይሂድ ማለት አይደለም። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በፓሪስ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤትም በ2021 ባወጣው ደንብ፥ ዳኞቹ ባለጉዳዮቹን አማክረው ችሎቱ በምስልና በድምፅ መገናኛ እንዲሆን መወሰን እንዲችሉ ፈቅዷል። የለንደኑም የግልግል ፍርድ ቤት በ2020 ደንቡ ጽሑፎች በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲቀርቡ አድርጓል። ገንዘቡ አነስተኛ በሆነ ጉዳይ ደግሞ ያለ ችሎት፥ በሰነድ ብቻ መፍረድ ይቻላል።

ሆኖም ሁሉ ነገር በመስኮት አይታይም። ቡናውን በመገናኛ የሚቀምስ ዳኛ የለም! ደግነቱ ለዚህ የሚጓዘው ናሙናው እንጂ ሰው አይደለም። የሚያሳስበው ምስክሩ ነው፤ ከመስታወቱ ጀርባ ማን አጠገቡ ተቀምጦ እንደሚያቀብለው አይታወቅም። መስመሩም በመካከል ቢቋረጥ፥ በአስተርጓሚ የሚናገር ነጋዴ ከሁሉ በላይ ይጎዳል።

ይህ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ኢትዮጵያ የ1958ቱን የኒው ዮርክ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 ስላጸደቀች፥ በውጭ አገር የተሰጠ የግልግል ውሳኔ እዚህ ሊፈጸም፥ የእኛም ሰው የረታበት ውሳኔ በውጭ ሊፈጸምለት ይችላል። በዚያው ስምምነት አምስተኛ አንቀጽ ግን፥ አንዱ ወገን ጉዳዩን ለማስረዳት ሳይችል ቀርቶ እንደሆነ፥ ወይም ሥነ ሥርዓቱ ከውሉ ተለይቶ እንደሆነ፥ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ላለመቀበል ይችላል። የተረታ ሰው «በመገናኛ ብቻ በመሰማቴ ተበደልሁ» ብሎ እንዳይነሣ፥ በውሉ የግልግል አንቀጽ ውስጥ፥ ሰነዱ በኤሌክትሮኒክ እንዲቀርብ፥ የመጀመሪያው ስብሰባ በመገናኛ እንዲደረግ፥ ምስክር በአካል መቅረብ ሲገባውም ችሎቱ ለብዙዎቹ ምስክሮች በሚቀርበው ከተማ እንዲውል አስቀድሞ መጻፍ ይገባል። መስመር በተቋረጠ ጊዜ የምስክሩ ቃል ከተቋረጠበት ስፍራ እንደገና እንዲሰማም አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመርበት።