ከሶፍትዌሩ በፊት ያለው ሙያ
ግራፊክ ዲዛይነር ለመሆን ለሚያስቡ ወጣቶችና “እንጀራ ይሆናል ወይ?” ብለው ለሚጨነቁ ወላጆች

ማዕድ ቤትዎን ዞር ብለው ይመልከቱ። የበርበሬው ማሸጊያ፣ የውሃ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት፣ የሻይ ቅጠሉ ፓኬት፣ ፍሪጁ በር ላይ ያለው የሠርግ ጥሪ ካርድ፤ ከእያንዳንዱ ጀርባ ፊደሉን የመረጠ፣ ቀለሙን የወሰነ፣ የትኛው ጽሑፍ ጎልቶ የትኛው አንሶ እንዲታይ ያሰበ ሰው አለ። ሥራው ጥሩ ሲሆን ማንም አያስተውለውም። ሲበላሽ ግን ስልክ ቁጥሩ አይነበብም፣ የመድኃኒቱ አወሳሰድ ያደናግራል፣ የሙሽራዋ ስም ተሳስቶ ይታተማል።

ይህን ሙያ መማር የሚፈልጉ ልጆች በየቤቱ አሉ። ብዙዎቹ በስልካቸው የልደት ካርድ ከመሥራት ጀምረው፣ ቀጥሎ ለጓደኛቸው ሱቅ ሎጎ ሠርተው፣ አንድ ቀን “ዲዛይነር መሆን እፈልጋለሁ” ይላሉ። የወላጅ ጥያቄም ወዲያው ይከተላል፦ ይህ ነገር እንጀራ ይሆናል ወይስ ጊዜ ማሳለፊያ ነው?

መልሱ “ይሆናል” ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ጀማሪ በሚያስበው መንገድ አይደለም። ፎቶሾፕ መቻል ብቻውን ሥራ አያስገኝም። የሶፍትዌሩን አዝራሮች በጥቂት ወራት ማወቅ ይቻላል። ደንበኛ የሚከፍለው ግን አሳቡን ተረድቶ፣ አማርኛውን አሳምሮ፣ ማተሚያ ቤት ደርሶ የማይመለስ ሥራ ለሚያቀርብ ሰው ነው።

መጀመሪያ እስክሪብቶ፣ ከዚያ ማውስ

የዲዛይን መሠረቶች ኮምፒውተር አይጠይቁም። አንድ ወረቀት ሲታይ ዓይን መጀመሪያ የት ያርፋል? ቀጥሎስ ወዴት ይሄዳል? የትኞቹ ነገሮች ተቀራርበው፣ የትኞቹ ተራርቀው ይቀመጡ? ባዶ ቦታ የት ይተው? እነዚህን በእስክሪብቶ መለማመድ ይቻላል።

አንድ ጥሩ መልመጃ እንጠቁም። የእድር ስብሰባ ማስታወቂያ ውሰዱ። ውስጡ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ አጀንዳና የቅጣት ማሳሰቢያ አለ። ይህንኑ ጽሑፍ ምንም ሥዕል ሳትጨምሩ፣ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ በ5 የተለያየ አቀማመጥ ንደፉት። ከዚያ ለአንድ የቤተሰብ አባል ለ3 ሰከንድ አሳይታችሁ “ስብሰባው መቼ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ትክክል ከሆነ ዲዛይኑ ሠርቷል ማለት ነው። ካልሆነ ቀለም ቢጨመርበትም አያድነውም።

3 ዓይነት መሣሪያ፣ 3 ዓይነት ሥራ

ጀማሪን ግራ የሚያጋባው የሶፍትዌሩ ብዛት ነው። ነገሩ ግን በ3 ይከፈላል።

የመጀመሪያው ፎቶ የሚሠራበት ነው። ፎቶሾፕ ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚህ ይታወቃል። ፎቶ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ስለሆነ ከልኩ በላይ ሲለጠጥ ይደበዝዛል።

ሁለተኛው ቅርጽ የሚሣልበት ነው። ኢለስትሬተርና ኮረልድሮው ከዚህ ወገን ናቸው። እዚህ ቅርጹ የሚቀመጠው በስሌት ስለሆነ እስክሪብቶ ላይም ሕንፃ ላይም ቢታተም ጥራቱ አይለወጥም። ሎጎ መሠራት ያለበት በዚህ ነው። ሎጎውን በፎቶሾፕ የሠራ ጀማሪ ችግሩን የሚያውቀው ደንበኛው “ለታፔላ ይሁንልኝ” ያለው ዕለት ነው።

ሦስተኛው ብዙ ገጽ ያለው ሥራ፣ ማለትም መጽሐፍ፣ መጽሔትና ዓመታዊ ሪፖርት የሚቀናበርበት ነው። ኢንዲዛይን ለዚህ የተሠራ ነው።

ሦስቱንም በአንድ ጊዜ መጀመር አያስፈልግም። ከቅርጽ መሣያው ቢጀመር ይመረጣል፤ ሎጎ፣ ቢዝነስ ካርድ፣ ስቲከርና ማሸጊያ የሚሠሩት በእሱ ነውና።

የገንዘቡ ጉዳይ

የአዶቤ ሶፍትዌሮች ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሚሸጡት በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚከፈል ኪራይ ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ለብዙ የአገራችን ጀማሪዎች ከባድ ነው። ስለዚህም “ክራክ” የሚባለውን የተሰረቀ ቅጂ መጫን የተለመደ ሆኗል። ሕገ ወጥነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ቅጂ ቫይረስ ይዞ ሊመጣና የደንበኛን ፋይል ሊያጠፋ ይችላል።

አማራጭ አለ። ኢንክስኬፕ ለቅርጽ፣ ጂምፕ ለፎቶ፣ ስክራይበስ ለመጽሐፍ ቅንብር በነፃ የሚገኙና በሕጋዊ መንገድ የሚጫኑ ናቸው። ፊግማም ለድረ ገጽና ለመተግበሪያ ዲዛይን ነፃ መጀመሪያ አለው። ካንቫ ለማኅበራዊ ሚዲያ ምስሎች ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የተዘጋጀ ንድፍ ላይ ስም መቀየር ብቻውን ሙያ አይሆንም፤ ደንበኛውም ራሱ ሊያደርገው ይችላል።

ላፕቶፕ ሲገዛ ከስሙ ይልቅ ውስጡን ይመልከቱ። ራሙ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ይሁን፤ 16 ከሆነ ደግሞ ይመረጣል። ማከማቻው ኤስኤስዲ መሆኑን ያረጋግጡ። ስክሪኑን ከጎንና ከላይ ሆነው ሲያዩት ቀለሙ የሚለዋወጥ ከሆነ ለዲዛይን አይመችም። ያገለገለ ጥሩ ላፕቶፕ ከአዲስ ደካማ ላፕቶፕ ይሻላል። ዴስክቶፕ የሚመርጡ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ሥራውን አስቀምጦ ለመዝጋት የሚያስችል ዩፒኤስ ያስፈልጋል።

የግዕዝ ፊደል የሚያውቅ ዲዛይነር

በኢንተርኔት ከሚገኙት የዲዛይን ትምህርቶች አብዛኞቹ የላቲን ፊደልን ታሳቢ ያደረጉ ናቸው። የእኛ ፊደል ግን የራሱ ጠባይ አለው። ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው ርዕስን በትልቅ ፊደል ጽፎ ማጉላት አይቻልም። ማጉላት የሚቻለው በመጠን፣ በውፍረት፣ በቀለምና በቦታ ነው። “ሰ” እና “ሱ”፣ “ጠ” እና “ጡ” የሚለዩት በጎን ባለች ትንሽ ቅጥያ ነው፤ ፊደሉ በጣም ሲያንስ ወይም በጎን ሲለጠጥ ያቺ ቅጥያ ትጠፋለች። በማሸጊያ ጀርባ ላይ ያለ የአማርኛ ጽሑፍ የማይነበበው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ችግር የፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፍ በሆነው የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የግዕዝ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የተቀመጡ ስለነበሩ፣ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት አማርኛው ወደማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት ይቀየራል። እነዚህ የድሮ ፎንቶች ዛሬም በየማተሚያ ቤቱ ያሉ ፋይሎች ውስጥ ይገኛሉ። ጀማሪ ከመጀመሪያው ቀን በዩኒኮድ ፎንት ቢለማመድ ብዙ ጣጣ ይቀርለታል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ በነፃ የሚገኙ ናቸው።

ምስል የሚፈጥሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችም ፊደላችንን ብዙ ጊዜ ያዛባሉ፤ ፊደል የሚመስል ግን ፊደል ያልሆነ ነገር ይሥላሉ። አማርኛን በጥንቃቄ የሚያቀናብር እጅ ተፈላጊ የሚሆንበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ማተሚያ ቤት የማይመልሰው ፋይል

ስክሪን ላይ ያማረ ሥራ በወረቀት ላይ ሊከፋ ይችላል። ስክሪን ቀለም የሚፈጥረው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው። የኅትመት ማሽን ደግሞ ሳያን፣ ማጄንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ይጠቀማል። በስክሪን የሚያበራው ደማቅ አረንጓዴ በወረቀት የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ስለዚህ ለኅትመት የሚሆን ሥራ ከመነሻው በሲኤምዋይኬ የቀለም ሥርዓት ይከፈት።

በእጅ ተይዞ ለሚታይ ኅትመት ፎቶው በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ቢኖረው ይመከራል። በዚህ ስሌት ሙሉ የኤ4 ገጽ የሚሞላ ፎቶ 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ስለሚደርስ ብዙ ጊዜ ይህን አያሟላም። ደንበኛው “እንደ ፋይል” አድርጎ እንዲልክ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጠርዙም ይታሰብ። ቀለሙ እስከ ወረቀቱ ጫፍ የሚደርስ ከሆነ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ መተው የተለመደ ነው፤ 9 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቢዝነስ ካርድ 9.6 በ5.6 ሆኖ ይዘጋጃል። መቁረጫው ትንሽ ቢስት ነጭ መስመር አይታይም። በመጨረሻ ፊደሉ ወደ ቅርጽ ተቀይሮ በፒዲኤፍ ይላካል፤ የሚታረም ቅጂው ግን ለብቻው ይቀመጥ።

ይህን ሁሉ ለመማር ፈጣኑ ቦታ ማተሚያ ቤት ነው። ባነርና ስቲከር የሚያትም ሱቅ ውስጥ ለ2 እና ለ3 ወር በረዳትነት የሠራ ልጅ፣ በቪዲዮ ብቻ ከተማረው የተሻለ የኅትመት ዕውቀት ይዞ ይወጣል።

የት ይማሩ?

ረጅሙን መንገድ ለሚመርጡ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የአለ ሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አለ። በሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ተቋም የአገራችንን ታላላቅ ሠዓሊዎች ያፈራ ነው። ለመግባት የሥዕል ችሎታ ስለሚታይ አስቀድሞ በእጅ መሣልን መለማመድ ይጠቅማል።

አጭር ሥልጠና የሚሰጡ የግል ማዕከላት ብዙ ናቸው። ከመክፈልዎ በፊት 4 ነገር ይጠይቁ፦ ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ኮምፒውተር አለ? አስተማሪው ራሱ የሠራቸውን ሥራዎች ሊያሳይ ይችላል? የቀድሞ ሠልጣኞች ሥራ የት ይታያል? የአማርኛ ፊደል አቀማመጥና የኅትመት ዝግጅት በትምህርቱ ውስጥ አለ? በሦስቱ ላይ ጥሩ መልስ ከሌለ ገንዘቡ ለላፕቶፕ ቢውል ይሻላል።

ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ከሰርተፍኬቱ በፊት የሚታየው የሥራ ማሳያ ነው። 8 ያህል ጥሩ ሥራዎች ይበቃሉ። ያልታዘዘ ሥራም ይቆጠራል፤ የሰፈራችሁን ዳቦ ቤት ታፔላ እንደገና ንደፉት፤ “ለመለማመጃ የተሠራ” ብላችሁም ጻፉበት።

ዋጋና ውል

ጀማሪን ከሙያው የሚያስወጣው ብዙ ጊዜ የችሎታ ማነስ ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው። ዋጋ በግምት አይጠራም። ለምሳሌ ያህል በወር ለመኖርና ለመሥራት 24,000 ብር የሚያስፈልገው ሰው፣ በወር ውስጥ በትክክል ሊያስከፍልባቸው የሚችላቸው ሰዓታት 80 ቢሆኑ፣ የአንድ ሰዓት ሥራው ቢያንስ 300 ብር ነው። 20 ሰዓት የሚፈጅ ሎጎ በ1,000 ብር ከተቀበለ በኪሳራ እየሠራ ነው። ቁጥሮቹን በራስዎ ኑሮ ይተኩ፤ ስሌቱ ግን አይለወጥም።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት፣ ካልሆነም በመልእክት፣ 4 ነገር ይጻፍ፦ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታረም፣ መቼ እንደሚደርስና ስንት እንደሚከፈል። ግማሹ በቅድሚያ ይከፈል። ከኅትመት በፊት ደግሞ ደንበኛው የመጨረሻውን ናሙና አንብቦ “ይታተም” ብሎ ይፈርም። 1,000 የሠርግ ካርድ በአንድ ፊደል ስህተት ቢታተም “ማን ይክፈል?” የሚለውን ጭቅጭቅ የሚፈታው ይህ ፊርማ ነው።

በአገራችን የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የንግድ ምልክት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የተጠበቀ ነው። ከኢንተርኔት የተወሰደ ፎቶና የሌላ ድርጅት ሎጎ የሚመስል ምልክት ደንበኛውንም ዲዛይነሩንም ሊያስጠይቅ ይችላል። ድርጅቶች ደረሰኝ ስለሚጠይቁም ሥራው ሲጠና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ማውጣት አይቀርም።

ወላጅ ምን ያድርግ?

“እሺ” ብሎ ዝም ማለትም፣ “ዶክተር ካልሆንክ” ብሎ መቆጣትም ልጁን አይረዳውም። የሚረዳው ቁርጥ ያለ ስምምነት ነው። ለ6 ወር ይሞክር፤ በየወሩ መጨረሻ የሠራውን ለቤተሰቡ ያሳይ፤ በ6ኛው ወር ከቤተሰብ ውጭ የሆነ ሰው ገንዘብ ከፍሎ የወሰደው አንድ ሥራ ይኑር። መደበኛ ትምህርቱም አይቋረጥ። ይህ ከተሳካ ቀጣዩን እርምጃ አብሮ መወሰን ይቀላል፤ ካልተሳካም የተማረው ነገር ለማንኛውም ሙያ ይጠቅመዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከዘመድ ይጠብቁት። ልጁ ዲዛይን እንደሚሞክር ከተሰማ የአክስት ልጅ የሠርግ ካርድ፣ የአጎት ሱቅ ባነር፣ የማኅበሩ ቲሸርት በየተራ ይመጣሉ፤ ሁሉም “ለዘመድ አይደል እንዴ!” ይባልባቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሥራዎች መለማመጃ ይሁኑት። ከዚያ በኋላ ግን ለሌላ ሰው ከሚጠይቀው ቢቀንስም እንኳ ዋጋ ይጥራ። ቤተሰቡ ያልከፈለበትን ሙያ ውጭ ያለው ሰው እንዲያከብረው መጠበቅ ይከብዳልና፣ የመጀመሪያውን ደረሰኝ እናት ወይም አባት ብትቀበሉት መልካም ጅምር ይሆናል።