አጋም ለቀማ ለልጆች ምን ያስተምራል?

በከተማ የሚያድጉ ልጆቻችን ብርቱካንና ሙዝን አሳምረው ያውቃሉ። አጋምን፣ ቀጋንና ሾላን ግን ብዙዎቹ በስም እንኳ አይለዩዋቸውም። በገጠር ያደገች እናት እነዚህን ፍሬዎች ከብት ስትጠብቅና እንጨት ስትለቅም እየቀመሰች አድጋለች። ይህ እውቀት ለልጆቿ ካልተላለፈ ከእርሷ ጋር ይቀራል።

ውድ እናቶች! የዱር ፍሬ ለቀማ ለልጅ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ትምህርትም ነው። የመጀመሪያው ትምህርት ማስተዋልና መታገሥ ነው። የአጋም ፍሬ ከአረንጓዴነት ወደ ቀይነት ይለወጣል፤ የሚበላው ግን ጠቁሮ ሲለሰልስ ነው። ሳይበስል የቀጠፈው ልጅ ወተት መሰል ፈሳሹ አፉን ሲያጣብቀው ሁለተኛ አይቸኩልም። የቀጋ ፍሬ በቪታሚን ሲ የታወቀ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው ፀጉር ጉሮሮን ስለሚያሳክክ ፈልቅቆ ማውጣት ያስፈልጋል። ሳማም በእጅ ሲነኩት ይለበልባል፤ ለጋ ቅጠሉ በጨርቅ ተይዞ ተለቅሞ ሲቀቀል ግን መለብለቡ ይጠፋል። «አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለው ተረትም ለልጅ የሚገባው የአጋሙን እሾህና የቁልቋሉን ወተት በዓይኑ ሲያይ ነው።

አንዳንዶቻችን ሳማን የችግር ቀን ምግብ ነው በማለት ስሙን ለልጆቻችን ለመንገር እናፍራለን። ይሁን እንጂ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የዱር ቅጠልና ፍሬ እየለቀሙ ነፍሳቸውን ያቆዩ ብዙዎች ነበሩ። ሰውን ያተረፈ እውቀት ሊያሳፍር አይገባም።

ሁለተኛው ትምህርት ጥንቃቄ ነው። የእምቧይ ፍሬ ቢጫና የሚያምር ቢሆንም መርዝ አለው። በየአጥሩ ሥርና በቆሻሻ መጣያ አካባቢ የሚበቅለው አስተናግርም ዘሩ አእምሮን ያስታል፤ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ ልጆች አዋቂ ሳያሳያቸውና ሳይፈቅድላቸው ምንም ነገር እንዳይቀምሱ አጥብቆ ማስተማር ያስፈልጋል። ልጅ የማይታወቅ ፍሬ ከዋጠ በግድ ለማስመለስ ሳይሞክሩ፣ የተክሉን ቅንጣቢ ይዞ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ከመኪና መንገድና ከተበከለ ወንዝ ዳር አለመልቀም፣ የለቀሙትንም በንጹሕ ውሃ ማጠብ አይዘነጋ።

ሦስተኛው ትምህርት ለሌላው ማሰብ ነው። ቅርንጫፍ ሳይሰብሩ መልቀም፣ ለወፎችና በኋላ ለሚመጣ ሰው ማስተረፍ፣ ባለቤት ካለው ማሳ ማስፈቀድ ከልጅነት የሚለመድ ጨዋነት ነው።

እናቶች ሆይ! በዕረፍት ቀናችሁ ልጆቻችሁን ወደ እንጦጦ ተዳፋት ወይም ወደ ዘመድ አገር ስትወስዱ፣ የምታውቁትን አንድ ፍሬ በስሙ አሳዩአቸው። አያት ካለች ደግሞ ከእናንተ ይልቅ እርሷ ትምራቸው።