ቺካዲ የደበቀችውን እንዴት ታገኛለች?

በሚኒያፖሊስም ሆነ በቶሮንቶ ጓሮው በበረዶ ሲሸፈን፣ ቅጠሉ በረገፈ ዛፍ ላይ ጥቁር ቆብ የደፋች የምትመስል ትንሽ ወፍ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስትዘል ትታያለች። ቺካዲ ትባላለች። ክብደቷ 11 ግራም ገደማ ቢሆንም ብርዱን ሸሽታ ወደ ሞቃት አገር አትሰደድም። ሌሊቱን የሰውነቷን ሙቀት 10 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርጋ ጉልበቷን ትቆጥባለች፤ ሲነጋ ግን የቀን ስቧ አልቋልና ሳትውል ሳታድር መብላት አለባት።

ጥሬ በተቀመጠላት ጓሮ ልብ ብሎ ያያት ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል። አንዲት የሱፍ አበባ ፍሬ ታነሳና እልም ትላለች። አንዳንዴ ፍሬዋን በእግሮቿ ከቅርንጫፉ ጋር አጥብቃ ይዛ በምንቃሯ እየቀጠቀጠች ትፈለፍላታለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ በዛፍ ቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ ወትፋት ትመለሳለች። እያንዳንዷን ፍሬ የምትደብቀው ለየብቻ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ መደበቂያ ታስታውሰዋለች ወይስ በአጋጣሚ ነው የምታገኘው?

የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ከኦክስፎርድ አጠገብ ካለው ዋይታም ደን ነው። ተመራማሪዎች ለቺካዲ የቅርብ ዘመድ ጨረር ያለበት የሱፍ አበባ ፍሬ ሰጧት፤ የት እንደደበቀችውም በመሣሪያ ደረሱበት። ከዚያ በአካባቢው ሌላ ፍሬ ራሳቸው ደበቁ። እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳስታወቁት፣ ቀድሞ የጠፋው ወፏ የደበቀችው ነው። ቦታውን ታውቀዋለች ማለት ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ዕውቀቱ የት ተቀመጠ የሚል ሆነ። በ1989 ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ሼሪና አንቶኒ ቫካሪኖ ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል የተወገደላቸው ቺካዲዎች እንደወትሮው እንደሚደብቁ፣ ፍለጋ ላይ ግን የሚያገኙት በዕድል ብቻ መሆኑን አሳዩ።

በዚያን ዘመን አብዛኛው ሳይንቲስት ያደገ አንጎል አዲስ የነርቭ ሴል አያበቅልም ብሎ ያምን ነበር። በኒውዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲው ፈርናንዶ ኖተቦም ግን ባደጉ ካናሪዎች አንጎል ውስጥ አዲስ ሴል አይቷል። ከተመራማሪዋ አናት ባርኒያ ጋር ሆኖ የዱር ቺካዲዎችን ያዘ፤ በመከፋፈል ላይ ያሉ ሴሎችን የሚለይ ምልክት ወግቶ ለቀቃቸው። ከስድስት ሳምንት በኋላ መልሰው ሲይዟቸው በሂፖካምፐሳቸው ውስጥ አዲስ የነርቭ ሴል ተገኘ። በ1994 በወጣው ጥናት መሠረት አዲሱ ሴል በብዛት የሚወለደው በኦክቶበር ነው፤ ነፍሳት እየጠፉ፣ ፍሬ መደበቁ የሚበረታበት ወር።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚመስጠኝ ሌላው ውጤት ነው፦ ተይዘው በወፍ ማቆያ ከኖሩት ይልቅ በነጻነት የኖሩት ብዙ አዲስ ሴል ነበራቸው። በረዶው፣ ፍለጋው፣ የሚለዋወጠው ደን ራሱ አንጎሏን ሳይሠራው አይቀርም። ስለዚህ ቺካዲን በእውነት ማወቅ የሚሻ ሰው ብርዱን ችሎ፣ ኑሮዋን በምትኖርበት ቦታ ሊያያት ይገባል።