የኦክላሆማ ኮሌጆችና የአንዲት እመቤት ክርክር

በሐረርጌ የሚገኘው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው፣ በተነሣ ቍጥር አብሮት የሚነሣ የሩቅ አገር ስም አለ፤ ይኸውም ከአሜሪካ አንድነት መንግሥታት አንዷ የሆነችው ኦክላሆማ ናት። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ውል መሠረት በስቲልወተር ከተማ ያለው የመንግሥት የእርሻ ኮሌጅ መምህራኑን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ይህን ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ እስከ 1968 ድረስም ረዳው። የስቲልወተሩ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ዶክቶር ሄንሪ ቤኔት በ1950 ወደ አገራችን መጥተው ሐሳቡን ከጀመሩት በኋላ ፍሬውን ሳያዩ በ1951 ከባለቤታቸው ጋራ ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 አሜሪካን ሲጐበኙ እስከ ስቲልወተር ሄደው ኮሌጁን አይተዋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ልጁን ለከፍተኛ ትምህርት የሚያሳድግ የቤተሰብ አባት ሁሉ ስለዚያች አገር ኮሌጆች ሁለት ነገር መጠየቁ አይቀርም፤ ቤቱን በማን ገንዘብ ሠሩት? ደጁስ ለማን ተከፈተ?

ኦክላሆማ እንደ አንድ መንግሥት የተቈጠረችው በ1907 ነው። ኮሌጆቿ ግን ከእርሷ ይቀድማሉ። ገና የጠረፍ ግዛት ሳለች በዲሴምበር ወር 1890 የሕግ መወሰኛው ጉባኤ ሦስት ትምህርት ቤቶች እንዲቆሙ ወሰነ፤ በኖርማን ዩኒቨርሲቲ፣ በስቲልወተር የእርሻ ኮሌጅ፣ በኤድመንድ የመምህራን ማሠልጠኛ። የስቲልወተር ተማሪዎች በ1891 ትምህርታቸውን ሲጀምሩ ቤት ስላልነበራቸው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተማሩ። ወደ ኖርማን የመጡት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዴቪድ ሮስ ቦይድ ደግሞ ዛፍ የሌለበት ባዶ ሜዳ ቢያገኙ ችግኝ መትከል ያዙ።

ለእነዚህ ቤቶች መተዳደሪያ የሆነው ከግብር ሌላ መሬት ነበር። በ1893 የቸሮኪ ሕንዶች የነበረው ሰፊ አገር ለሰፋሪዎች በተከፈተ ጊዜ መሬቱ በአራት ማዕዘን እየተለካ ተከፋፈለ፤ ከሠላሳ ስድስቱ ክፍል አሥራ ሦስተኛው ለከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ተከለለ። ይህን ስናመሰግን ያ መሬት አስቀድሞ የማን እንደ ነበረ መርሳት አይገባንም። እነዚያው ቸሮኪዎች ሰፋሪ ሳይመጣባቸው በ1851 በገዛ መንግሥታቸው ወጪ ለሴቶች ልጆቻቸው ከፍ ያለ ትምህርት ቤት ከፍተው ነበር። ቤቱ በ1887 ቢቃጠልባቸው በታሌኳ ከተማ ሌላ የሚያምር ሕንፃ በ1889 አቆሙ። ኦክላሆማ በ1909 ገዛችው፤ ዛሬም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ይኖራል።

የግል ኮሌጆች አመጣጥ ሌላ ነው። አብዛኞቹን የመሠረቷቸው የሃይማኖት ማኅበራት ናቸው። የቱልሳ ዩኒቨርሲቲ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የታወቀው ሲሆን፣ አጀማመሩ በ1882 ፕሬስቢቴሪያኖች ለሕንድ ልጃገረዶች በመስኮጊ የከፈቱት ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። በ1894 ኮሌጅ ሆነ፤ በ1907 ወደ ቱልሳ ተዛወረ፤ በ1920 የአሁኑን ስም አገኘ፤ በነዳጅ ዘይት የበለጸጉ ሰዎችም ስጦታ አበዙለት። ባፕቲስቶች በ1910 በሾኒ የራሳቸውን አቆሙ።

ጥቁሮች ግን ግብር እየከፈሉ በኖርማንም በስቲልወተርም መግባት አይችሉም ነበር። ለእነርሱ በ1897 በላንግስተን ለብቻ ኮሌጅ ተሠራላቸው፤ የሕግና የሕክምና ትምህርት ግን አልነበረውም። ነጭና ጥቁር በአንድ ክፍል ያስተማረም ሆነ የተማረ በሕግ ይቀጣ ነበር።

ወይዘሮ ኤዳ ሎይስ ሲፑል ፊሸር በ1924 በቺካሻ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ነበሩ። ወላጆቻቸው በ1921 በቱልሳ በጥቁሮች ሰፈር በደረሰው እልቂት ቤታቸው ከተቃጠለባቸው በኋላ ወደ ቺካሻ የፈለሱ ናቸው። ለጥቁሮች መብት የሚከራከረው ማኅበር የኖርማንን ሕግ ትምህርት ቤት በዳኝነት ለመጠየቅ የሚደፍር ተማሪ ሲፈልግ፣ አስቀድሞ የታሰበው ወንድማቸው ነበር። እርሱ ግን በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ ስላለፈው በክርክር መዘግየትን አልወደደም። እኅቱ እኔ አለሁ አሉ።

በጃንዩዋሪ 1946 ኖርማን ሄደው አመለከቱ። ፕሬዚዳንቱ ዶክቶር ጆርጅ ክሮስ በትምህርታቸው ጕድለት እንደሌለባቸው፣ የተከለከሉት በዘራቸው ብቻ እንደ ሆነ በደብዳቤ ጽፈው ሰጧቸው። የመንግሥት ሹም ሲሆኑ ለተከራካሪያቸው እንዲህ ያለ ማስረጃ በገዛ እጃቸው መስጠታቸው ሊታሰብላቸው የሚገባ ነው።

ነገሩ በጠበቃው በተርጉድ ማርሻል አማካይነት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ1948 ኦክላሆማ ለነጮች ትምህርቱን እንደምትሰጥ ለእርሳቸውም እንድትሰጥ ፈረደ። ሹማምንቱ ግን በሩን ላለመክፈት ሲሉ በምክር ቤቱ ሕንፃ ጥቂት ክፍሎች ለይተው፣ ጥቂት ጠበቆች መምህር አድርገው፣ ይህ የላንግስተን ሕግ ትምህርት ቤት ነው አሉ። ወይዘሮ ኤዳ አልገባም አሉ። ኖርማን የገቡት በ1949 ነው፤ ያውም ከኋላ ተለይቶ ለጥቁር የሚል ምልክት በተጻፈበት ወንበር እየተቀመጡ። ጆርጅ ማክሎሪን የተባሉ ሽማግሌ መምህርም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ከክፍሉ ውጭ በጥግ ተቀምጠው ይማሩ ነበር፤ በ1950 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን መለያየት እስኪያስቀር ድረስ። ወይዘሮ ኤዳ ትምህርታቸውን ፈጽመው ጠበቃ ሆኑ፤ በኋላም በላንግስተን መምህርት ሆነው ብዙ ዘመን አገለገሉ።

ዛሬ በኦክላሆማ ሃያ አምስት የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በዘር የሚከለክል ሕግ የለም፤ የሚከለክለው የገንዘብ እጦት ነው። ስለዚህ በ1992 የወጣው ሕግ ገቢው ከተወሰነ ልክ ያላለፈ ቤተሰብ ልጁን ከስምንተኛ እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ እንዲያስመዘግብ ይፈቅዳል። ልጁ የታዘዙትን ትምህርቶች በመልካም ውጤት ከጨረሰና ጠባዩን ከጠበቀ በመንግሥት ኮሌጅ የትምህርቱ ክፍያ ይከፈልለታል፤ የግል ኮሌጅ ቢመርጥም ከፊሉን ያገኛል። ሳይመዘገብ ዓመቱን ያሳለፈ ግን ይህ አይደርሰውም።

በዚያው በ1992 የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲን የሚያስተዳድረው ቦርድ አንድ አዲስ አባል ተሾመለት። ይህ ቦርድ ከአርባ አራት ዓመት በፊት በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከሳሽ ሆኖ የቆመው ነው። አዲሷ አባልም ወይዘሮ ኤዳ ሎይስ ሲፑል ፊሸር ነበሩ።