የወይራ ዘይት ሳሙና ከምን ይሠራል?

«ኮስቲክ ሶዳ ያልገባበት ሳሙና አላችሁ?» ብለው የሚጠይቁኝ ደንበኞች ብዙ ናቸው። የለም። ዘይት እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ አልካሊ ካልገባበት ሳሙና አይሆንም። በፍልስጤም ያሉት የናብሉስ ሳሙና ሠሪዎች የወይራ ዘይት፣ ውሃና አልካሊ ብቻ ይዘው ለዘመናት ሠርተዋል፤ በሶሪያ ያሉት የአሌፖዎቹ ደግሞ የሎሬል ዘይት ያክሉበታል። ዩኔስኮ ሁለቱንም ሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2024 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቧል።

ዋናው ነገር የሶዳው ልክ ነው። 1 ኪሎ የወይራ ዘይት ሙሉ በሙሉ ሳሙና እንዲሆን 135 ግራም ያህል ንጹሕ ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል። እኛ 5 በመቶ ቀንሰን 128 ግራም ገደማ እናደርጋለን። ሶዳው ሠርቶ ያልቃል፣ ጥቂት ዘይት ይተርፋል፤ ለቆዳ የሚስማማውም ይህ ትርፍ ዘይትና በሂደቱ የሚፈጠረው ግሊሰሪን ነው። ታዲያ በሚዛን ነው የሚለካው፤ በስኒ የሚለካ ሰው ቢቀርበት ይሻላል!

ጓንትና መነጽር አድርጉ። ሶዳውን ቀስ እያላችሁ ውሃው ላይ ጨምሩ፤ ውሃውን ሶዳው ላይ ካፈሰሳችሁ ፈልቶ ይረጫል። የአሉሚኒየም ድስት አይሆንም፣ ሶዳው ይበላዋል።

የሶዳው ውሃና ዘይቱ ተቀላቅለው ሳሙናው ረግቶ ከተቆረጠ በኋላ ቢያንስ 6 ሳምንት ነፋሻ ቦታ ይደርቃል። ወራት ቢቆይ ደግሞ ይጠነክራል፣ ቶሎም አያልቅም። ስትገዙ መቼ እንደተሠራ ሻጩን ጠይቁ።